የዲኤም ቃል የመጨረሻ ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ጠረጴዛ ተከቦ ስለሚጫወቷቸው የሚና ጨዋታዎች በአማርኛ የሚጻፍ ነገር እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ሰሞኑን ስለ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እጄ ሲገባ በጉጉት ነው ያነበብኩት። ጸሐፊው የያዙት ጉዳይ ይህን ጨዋታ የሚጫወተውን ሁሉ ያስቸግራል። በጨዋታ መሀል የሕግ ክርክር ሲነሳ ምን ይደረግ? መልሳቸው ቁርጥ ያለ ነው። ዲኤሙ (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) ይወስናል፣ ተጫዋቹ ይቀበላል፣ አለቀ። መጽሐፍ አይገለጥም። ሕግ የሚጠቅስ ሰው ጨዋታ አበላሽ ነው። ነገሩ በጣም ከከረረ የጨዋታው ደራሲዎች ያሉት ይያዛል። ያልጣመው ሌላ ቦታ ሄዶ ይጫወት።

ጸሐፊው ጨዋታውን እንደሚወዱት ያስታውቃል። ብዙ የተበላሸ ምሽት አይተው እንደተማረሩም ይገባኛል። ነገር ግን ምክራቸው ክርክርን አይፈታም፤ ያፍነዋል። የታፈነ ክርክር ደግሞ ጠረጴዛ ሲበትን አይቻለሁ። ስለዚህ ነጥቦቻቸውን አንድ በአንድ እያነሳሁ የሚመስለኝን ልበል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አራት አምስት ሰው ይቀመጣል። አንዱ ዲኤም ይሆናል። መንደሩ፣ ዋሻው፣ ጭራቁ፣ የከተማው በር ጠባቂ፣ ዝናቡ ሳይቀር በእሱ እጅ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ካራክተር ይይዛሉ፤ ተዋጊ፣ ሌባ፣ አስማተኛ። ተጫዋቹ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል። መሳካቱ የሚያጠራጥር ከሆነ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል። ይህ ሁሉ በምን ሥርዓት እንደሚሄድ የሚደነግግ በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ ያለው የሕግ መጽሐፍ አለ። መጽሐፉ የቱንም ያህል ቢወፍር ተጫዋች ደራሲው ያልገመተውን ነገር ማሰቡ አይቀርም። ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው እንጂ ከማንም ክፋት አይደለም።

የጸሐፊው የመጀመሪያ መከራከሪያ ታሪክ ነው። ጨዋታው ገና ሲፈጠር ሥልጣኑን በሙሉ ለዲኤሙ ሰጥቷል ይላሉ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን በ1974 ያወጡት የመጀመሪያው እትም መጨረሻ ላይ፣ አንባቢው የጎደለውን በራሱ ሐሳብ እንዲሞላ የሚመክር ቃል መኖሩንም ይጠቅሳሉ። ልክ ናቸው፣ አለ። ግን ታሪኩ እዚያ አይጀምርም፤ እዚያም አያልቅም።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተወለደው ከጦርነት ጨዋታ ነው፤ ዳኛ ያለው የጦርነት ጨዋታ ደግሞ ከፕሩሺያ ሠራዊት የመጣ ነው። በ1824 ራይስቪትስ የሚባል ወጣት መኮንን ክሪግሽፒል የተባለ የመኮንኖች ማሠልጠኛ ጨዋታ አቀረበ። ካርታ፣ ዳይስና የጉዳት መጠን የሚነበብበት ሠንጠረዥ ነበረው። ሕጉ ብዙ ስለሆነ ጨዋታው ይንቀራፈፍ ነበር። በ1876 ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለ ሌላ መኮንን ሠንጠረዡ ይቅር፣ ዳኛው በልምዱ ይፍረድ ብሎ ጻፈ። ይህ የጸሐፊውን ሐሳብ የሚደግፍ ይመስላል። ነገር ግን ያ ዳኛ ማን እንደነበር እንመልከት። የጦር ሜዳ ልምድ ያለው መኮንን ነው። አንድ ሻለቃ ጦር ጭቃ ላይ በሰዓት ስንት እንደሚጓዝ ያውቃል። ፍርዱ የሚከበረው ጀማሪዎቹ የማያውቁትን ስለሚያውቅ ነው። በእኛ ጠረጴዛ ላይ ግን ከድራጎን ጋር የተዋጋ ሰው የለም። ድግምት እንዴት እንደሚሠራ ዲኤሙ የሚያውቀው ተጫዋቹ ከሚያውቀው አይበልጥም። የሁለቱም ምንጭ አንድ መጽሐፍ ነው።

ከ1974 በኋላ የሆነውም የጸሐፊውን ሐሳብ አያግዝም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ትንንሽ መጽሐፎች ክፍተታቸው ብዙ ነበር። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ክፍተቱን በራሱ መንገድ ሞላው። አንድ ተጫዋች ጠረጴዛ ሲቀይር ጨዋታው ሌላ ሆኖ ይጠብቀው ነበር። ጋይጋክስ ራሱ ከ1977 እስከ 1979 አድቫንስድ የሚል ስም የያዙትን መጽሐፎች ሲያወጣ አንዱ ዓላማው ይህን ልዩነት ማጥበብ ነበር። የ1979ኙ የዲኤም መጽሐፍ መግቢያ ላይ ጠረጴዛዎች እንዲቀራረቡ እንደሚፈልግ በግልጽ ጽፏል። በዚያው ዓመት ድራገን መጽሔት የአንባቢዎችን የሕግ ጥያቄ የሚመልስ ዓምድ ጀመረ። ሰው ደብዳቤ ጽፎ፣ በፖስታ ልኮ መልስ ይጠብቅ ነበር። የዲኤሙ ቃል ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ደብዳቤ ማን ይጽፍ ነበር?

ሁለተኛው ነጥባቸው የጽሑፉ ልብ ነው። እኔም ረዘም አድርጌ የምመልሰው እሱን ነው። ዓለሙ የዲኤሙ ነው፣ ስለዚህ ሕጉም የዲኤሙ ነው ይላሉ። የመጀመሪያውን ግማሽ እቀበላለሁ። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው አይከተልም።

እስቲ ማን ምን እንዳለው እንቁጠር። ዲኤሙ ዓለም አለው። ሲፈልግ አሥር ጎብሊን ይጨምራል፣ ሲያሻው ድልድይ ያፈርሳል፣ ንጉሡን ከሃዲ ያደርገዋል። ማንንም አያስፈቅድም፣ ማስፈቀድም የለበትም። ተጫዋቹስ? ያለው አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ያሉት ቁጥሮችና ስሞች አንድ ነገር የሚሆኑት ሕጉ ስላለ ብቻ ነው። ሚስቲ ስቴፕ የሚል ድግምት ጽፏል እንበል። ይህ ማለት 30 ጫማ ርቀት ውስጥ ወዳለ፣ ወደሚያየው ባዶ ቦታ በቅጽበት ይዛወራል ማለት ነው። ይህን ተማምኖ ነው ገደል አፋፍ ላይ የሚቆመው። ይህን ተማምኖ ነው ጓደኞቹን አሳልፎ ብቻውን የሚቀረው። በዚያች ቅጽበት ዲኤሙ "ዛሬ አይሠራም" ቢለው ተጫዋቹ ያጣው አንድ ድግምት አይደለም። እስከዚያ ድረስ የወሰነው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በሕጉ መተማመን ያልቻለ ሰው ማቀድ አይችልም። ማቀድ ያልቻለ ሰው ደግሞ ተጫዋች መሆኑ ቀርቶ ታሪክ አድማጭ ይሆናል። ለዚህ ነው ሕጉ የተጫዋቹ ብቸኛ ንብረት ነው የምለው።

ገበጣ ሲጫወቱ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ከተለያየ ቦታ የመጡ ሁለት ሰዎች ሲቀመጡ መጀመሪያ በየትኛው እንደሚጫወቱ ይስማማሉ። የትኛውም ቢሆን ያጫውታል። ጠጠሩ መዞር ከጀመረ በኋላ ሕግ ከሚለውጥ ሰው ጋር ግን ማንም ደግሞ አይቀመጥም።

ከእኛ ጠረጴዛ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዷ ጓደኛችን አምስተኛ ደረጃ የደረሰች ዊዛርድ ትጫወታለች። በዚያ ደረጃ ላይ ያለ ዊዛርድ ሦስተኛ ደረጃ ስሎት፣ ማለትም ከባድ ድግምት መሥሪያ ዕድል፣ ያለው ሁለት ብቻ ነው። ሁለት ከባድ ድግምት ሠርቶ እረፍት እስኪያገኝ ይጠብቃል ማለት ነው። ያን ምሽት አንዱን ተጠቅማ አንድ ቀርቷታል። ፊት ለፊቷ የቆመው የጠላት አስማተኛ እጁን አነሳ። ዲኤማችን እስከዚያ ድረስ ሁልጊዜ የድግምቱን ስም ይነግረን ነበር። "ፋየርቦል እየሠራ ነው" ይላል። እሷም ካውንተርስፔል በተባለ ድግምት ታከሽፈዋለች፣ ካልመሰላትም ትተወዋለች። በዚያ ምሽት ግን "አንድ ድግምት እየሠራ ነው፤ ምን እንደሆነ አታውቂም" አላት።

"እንዴት አላውቅም? እስከ ዛሬ ትነግረን አልነበር?"

"እነግራችሁ ነበር። ሕጉ ግን ንገር አይልም።"

"ይህን ባውቅ ጠዋት ካውንተርስፔል አላዘጋጅም ነበር እኮ! የመጨረሻዬ ስሎት ናት። ለምናምንቴ ድግምት ላባክናት ነው?"

ሁለቱም እውነት ነበራቸው። በ2014 የወጣው እትም ሕግ ድግምት ሲሠራ ካየህ ማክሸፍ ትችላለህ ይላል እንጂ የትኛው እንደሆነ ይነገርሃል አይልም። በ2017 የወጣ ተጨማሪ መጽሐፍ ደግሞ አንድ አማራጭ ሕግ አስቀምጧል። እየተሠራ ያለን ድግምት ለመለየት ሪአክሽን (በሌላው ተራ መሀል የሚደረግ ፈጣን ምላሽ) ያስፈልጋል፣ ዳይስም ይጣላል። ማክሸፍም የሚፈልገው ሪአክሽን ነው፤ እሱ ደግሞ በዙር አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ለይቶም አክሽፎም አይሆንለትም። በወረቀት ላይ ካየነው ዲኤሙ ትክክል ነበር። ግን እሷ ያቀደችው ጠረጴዛው ለወራት በተጫወተበት ሕግ ነው። እሱም ሕግ ሆኖ ነበር፤ ማንም ባይጽፈውም።

በጸሐፊው ምክር ቢሆን ዲኤሙ ተናግሯል፣ አለቀ። የእኛ ዲኤም ግን እንዲህ አደረገ። "እሺ፣ ዛሬ እንደ ድሮው እንጫወት። ቅዳሜ ከመጀመራችን በፊት እንነጋገርበታለን" አለ። ደቂቃም አልፈጀበት። ፋየርቦል ነበር፣ አከሸፈችው፣ ውጊያው ቀጠለ። ቅዳሜ ቡና ይዘን ተነጋገርን። እሱ ለምን መለወጥ እንደፈለገ አስረዳ። ስሙ አስቀድሞ ከተነገረ ተጫዋቹ ማሰብ አይጠበቅበትም፣ የጠላት አስማተኛም አያስፈራም አለ። እውነቱን ነው። እሷም በጭፍን ስሎት ማባከን ቁማር እንጂ ጨዋታ እንዳልሆነ ተናገረች። እሷም እውነቷን ነው። መጨረሻ ላይ በዚህ ተስማማን። ከአሁን በኋላ ስሙ አይነገርም። ነገር ግን ሌላ ተጫዋች በራሱ ሪአክሽን ድግምቱን ለይቶ ከጮኸላት ሰምታ ማክሸፍ ትችላለች። ደብተር ላይ ተጻፈ። አሁን ድግምቱን የሚለይላት ክሌሪክ (የቡድኑ ካህን) አጠገቧ ካልቆመ አትዋጋም። ሁለቱ ተጠባብቀው የሚጫወቱት ነገር ከዚያ በፊት ያልነበረ ደስታ አምጥቶልናል።

እንግዲህ ከጸሐፊው ጋር ያለኝ ዋና ልዩነት ይህ ነው። እሳቸው ሁለት ሥራዎችን አንድ አድርገዋል። አንዱ ጨዋታው እንዳይቆም ቶሎ መበየን ነው። ይህ የዲኤሙ ነው፤ ማንም አይከራከረውም። ሌላው ከዛሬ ወዲያ በዚህ ጠረጴዛ ሕጉ ምንድን ነው የሚለው ነው። ይህ የሁሉም ነው። የመጀመሪያው በሰከንዶች ያልቃል። ሁለተኛው ጊዜ ይፈልጋል፣ ምክንያት ይፈልጋል፣ መጻፍም ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ሥልጣን ወስዶ ሁለተኛውን መጨረስ ነው ቅሬታ የሚያመጣው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ በጨዋታ መሀል መጽሐፍ ፈጽሞ አይገለጥ የሚለው ነው። አብዛኛውን እስማማለሁ። ግድግዳ ለመውጣት ስንት ቁጥር ያስፈልጋል፣ ገመዱ ስንት ኪሎ ይሸከማል እያሉ ገጽ ማገላበጥ ያሰለቻል። ዲኤሙ አንድ ቁጥር ይጥራ፣ እንለፍ። "ፈጽሞ" የሚለው ነው የማይዋጥልኝ።

አንድ ካራክተር ጉልበቱ ዜሮ ሲደርስ ይወድቃል። በየተራው ዳይስ ይጥላል። ሦስት ጊዜ ከተሳካለት ይረጋጋል፣ ሦስት ጊዜ ከከሸፈበት ይሞታል። ወድቆ ሳለ ጉዳት ከደረሰበት አንድ ክሽፈት ይጨመርበታል። ይህን የተጫወተ ሁሉ ያውቃል። ብዙ ሰው የሚረሳው ቀጥሎ ያለውን ነው። ራሱን የሳተን ሰው በአምስት ጫማ ርቀት ውስጥ ሆኖ ያገኘው ምት እንደ ክሪቲካል፣ ማለትም እንደ እጅግ ከባድ ምት፣ ይቆጠራል። ክሪቲካል ደግሞ አንድ ሳይሆን ሁለት ክሽፈት ነው። አስቀድሞ አንድ ክሽፈት ያለበት ካራክተር አጠገቡ ያለ ተኩላ ቢነክሰው፣ በአንዱ አቆጣጠር በሕይወት አለ፣ በሌላው ሞቷል። እዚህ ላይ በትዝታ መፍረድ ልክ አይደለም። ለረጅም ጊዜ የለፉበትን ካራክተር "እንደዚህ መሰለኝ" ብሎ መግደል አይገባም። ተራው ያልሆነ ሰው መጽሐፉን ይግለጥ። ሌላው ጨዋታውን ይቀጥል። ውጤቱ የማይመለስ ከሆነ ይገለጥ፤ የሚመለስ ከሆነ ተበይኖ ይታለፍ። በእኛ ጠረጴዛ በዚህ ነው የምንሄደው፣ ድባቡም ሲሞት አላየሁም።

አራተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው በጣም ይከራሉ። ሕግ የሚጠቅስ ተጫዋች ሩልስ ሎየር ነው፣ ይባረር ይላሉ። ለማስረጃ የሚያነሱት ተጫዋቾች የሚያውቁትን የገበሬዎች መድፍ ነው። ብልሃቱ እንዲህ ነው። በዚህ ጨዋታ አንድ ዙር 6 ሰከንድ ነው፤ በዙሩ ውስጥ ሁሉም ሰው ማድረግ ያለበትን ያደርጋል። እንግዲህ ሁለት ሺህ ገበሬ በአንድ መስመር ይሰለፍ፣ እያንዳንዱ አምስት ጫማ ይያዝ። ሁሉም ጦር ከኋላው ተቀብሎ ለፊተኛው ለማቀበል ይዘጋጅ። በሕጉ መሠረት ሁሉም በአንድ ዙር ያቀብላሉ። ጦሩ በ6 ሰከንድ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘ ማለት ነው። ይህ ከሽጉጥ ጥይት ፍጥነት ይበልጣል። ስለዚህ የመጨረሻው ገበሬ ሲወረውረው ድራጎኑን በአንድ ምት ይጥላል ይባላል።

ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ሕግን ቃል በቃል መከተል ጨዋታ ያበላሻል ይላሉ። እኔ የሚታየኝ ተቃራኒው ነው። ብልሃቱን እስከ መጨረሻው በሕጉ ተከተሉት። የተወረወረ ጦር ጉዳቱ ባለ ስድስት ገጽ አንድ ዳይስ ነው ይላል ሕጉ። ስለ ፍጥነት ያለው ነገር የለም። ብልሃተኛው ጦሩ እስኪጓዝ ድረስ በጨዋታው ሕግ ሄደ፣ ጦሩ ሊወረወር ሲል ግን ወደ ፊዚክስ ተሻገረ። ሕጉን እስከ መጨረሻ ቢይዝ ኖሮ ድራጎኑ ትንሽ ጭረት ብቻ ነበር የሚያገኘው። በ2024 የወጣው አዲሱ የዲኤም መጽሐፍም የጨዋታው ሕግ የፊዚክስ ሕግ እንዳልሆነና በቅን ልቦና መነበብ እንዳለበት በግልጽ አስፍሯል። መድፉን የሚያከሽፈው ሕጉን አጥርቶ ማወቅ ነው እንጂ ሕግ የሚያውቀውን ሰው ማባረር አይደለም።

ደግሞስ ሕግ የሚጠቅስ ሁሉ አንድ ነው እንዴ? እኔ የምለየው በአንድ ነገር ነው። ሕጉ ራሱን ሲጎዳውስ ይጠቅሰዋል ወይ? ጠረጴዛችን ላይ አንድ ልጅ አለ። ሁለተኛ ድግምት ሊሠራ ዳይሱን አንስቶ ሳለ "ቆይ ቆይ፣ ይሄም ኮንሰንትሬሽን ይፈልጋል። የመጀመሪያው ይጥፋብኝ" ይላል። ኮንሰንትሬሽን የሚፈልግ ድግምት በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ መያዝ አይቻልም። ዲኤሙ ይህን ረስቶት ነበር፣ እኛም ረስተነው ነበር። ዲኤም በአንድ ምሽት ስንት ነገር ይሸከማል! የስድስት ጭራቅ ጉልበት፣ የሦስት መንደር ስም፣ ያለፈው ሳምንት ቃል ኪዳን። እንዲህ ያለ ሰው ሸክሙን ያቀልለታል። ሕግ ሲጠቅመው ብቻ የሚያስታውስ ሰው ካለ እሱን ለብቻው ማናገር ነው። ያኔም ቢሆን ችግሩ ያለው በእሱ ጠባይ ላይ ነው እንጂ በመጽሐፉ ላይ አይደለም።

አምስተኛ፣ ነገሩ ከከረረ ደራሲዎቹ ያሉት ይያዝ ይላሉ። ይህ ከራሳቸው ሐሳብ ጋር አይሄድም። የዲኤሙ ቃል የመጨረሻ ከሆነ ሌላ የመጨረሻ ቃል ከየት መጣ? እሱን እንተወውና ራሱን ምክሩን እንፈትነው።

በ2014ቱ ሕግ የማይታይ የሆነ ካራክተር ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛ፣ ያለ አስማት ወይም ያለ ልዩ የስሜት ኃይል አይታይም። ሁለተኛ፣ እሱን የሚመታ ሰው ሁለት ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን ይወስዳል፤ እሱ ሲመታ ደግሞ ከፍተኛውን ይወስዳል። ሌላ ገጽ ላይ ሲ ኢንቪዚቢሊቲ የሚባል ድግምት አለ። የሠራው ሰው የማይታየውን ልክ እንደሚታይ ነገር ያያል። ታዲያ ይህን ድግምት ሠርቼ፣ ጠላቴን ፊት ለፊት እያየሁት ስመታው፣ አሁንም ዝቅተኛውን ዳይስ ነው የምወስደው? ማንንም ብትጠይቁ አይ ይላችኋል። ከሕጉ ዋና አዘጋጆች አንዱ የነበረው ጄረሚ ክሮፎርድ ግን አዎ፣ ትወስዳለህ አለ። ምክንያቱም ሁለቱ ነጥቦች ለየብቻ ስለተጻፉ አንዱ መቅረቱ ሌላውን አያስቀርም። የጽሑፉን ቃል ብቻ ለሚያይ ሰው ይህ ንባብ ያስኬዳል። ለተጫዋቹ ግን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ስሎቱን ከፍሏል፣ ተራውን ከፍሏል፣ ጠላቱን እያየ እንደማያይ ሰው ይመታል።

ብዙ ጠረጴዛዎች ይህን አልተቀበሉትም። ጊዜውም የፈረደው ለእነሱ ነው። በ2024ቱ እትም የማይታይ ካራክተር የሚያየው ሰው ላይ ያንን ጥቅም እንደማያገኝ ራሱ ሕጉ ላይ ተጻፈ። የጨዋታው ባለቤት የሆነው ኩባንያም ከዚያ አስቀድሞ የአዘጋጆቹ የትዊተር መልሶች ምክር እንጂ ይፋዊ ብይን እንዳልሆኑ አስታውቆ ነበር። ስለዚህ የደራሲን አስተያየት ማንበብ ጥሩ ነው፤ እኔም አነባለሁ። ክርክር መዝጊያ ማድረግ ግን ደራሲዎቹ ራሳቸው ያልጠየቁት ነገር ነው።

ታዲያ በምን እንመዝን? መጀመሪያ ጽሑፉ ራሱ ምን ይላል? ልዩ ሕግ አጠቃላዩን ሕግ እንደሚሽር መጽሐፉ ራሱ ይናገራልና ብዙ ክርክር እዚያው ያልቃል። ካላለቀ፣ እኔ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። ነገ ጠላት ይህንኑ ቢያደርግብህ ትቀበላለህ? ዛሬ ፋየርቦሌ በተዘጋ በር ስር ገብቶ ይፈንዳ የሚል ተጫዋች፣ ነገ የጠላት ፋየርቦል እሱ ባደረበት ቤት በር ስር ይገባል። ይህ ሲነገረው ብዙ ጊዜ ራሱ ይተወዋል። ዲኤሙም ራሱን እንዲሁ ይጠይቅ። ለጭራቁ የፈቀድኩትን ለተጫዋቹ እፈቅዳለሁ?

ጸሐፊው ድምፅ መስጠትንም ይቃወማሉ። እዚህ ላይ አብረን ነን። አራት ተጫዋች በአንድ ዲኤም ላይ እጅ ቢያወጣ ውጤቱ የታወቀ ነው። ምክንያት ይሰማ እንጂ እጅ አይቆጠር። ያለ አንድ የመጨረሻ ፈራጅ ግን የሚና ጨዋታ የሚባል ነገር አይኖርም ማለታቸው ስህተት ነው። በ2009 የወጣው የጄሰን ሞርኒንግስታር ጨዋታ፣ ፊያስኮ፣ ጭራሽ ዲኤም የለውም። በ2010 የወጣው የቪንሰንት ቤከር አፖካሊፕስ ወርልድ ደግሞ የጨዋታው መሪ ምን ማድረግ እንደሚችል ራሱ በሕግ ያስረዋል። ሁለቱም ብዙ ሰው የተጫወታቸው ጨዋታዎች ናቸው።

የመጨረሻው ነጥባቸው ያልጣመው ይሂድ የሚል ነው። ይህን ሳነብ አዘንኩ። አማርኛ እያወራ ይህን ጨዋታ የሚጫወት አምስት ሰው ማሰባሰብ ቀላል ነገር ነው? አንዱ ሥራ አለው፣ አንዷ ልጅ አላት፣ አንዱ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ከእነዚህ አንዱ ተከፍቶ ሲቀር የሚቀርበት እሱ ብቻ አይደለም። ጠረጴዛው በአብዛኛው እዚያው ያበቃል።

እርግጥ ነው፣ ተነጋግሮም አለመስማማት አለ። ሁሉም ምክንያቱን ተናግሮ፣ ጽሑፉ ተነቦ፣ አሁንም ሁለት ሐሳብ ሊቀር ይችላል። ያኔ ዲኤሙ ይወስን። እዚህ ጋ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ግን ውሳኔው ምክንያቱ ተነግሮ፣ ከቀጣዩ ጨዋታ በፊት ይሁን። በቀድሞው አረዳድ ላይ ካራክተሩን የገነባ ሰውም አይጎዳ። ለምሳሌ በ2014ቱ ሕግ ሃፍሊንግ ከሚባለው ድንክ ዘር አንዱ ዓይነት በመጠን ከሚበልጠው ሰው ጀርባ መደበቅ ይችላል። ሮግ (ሌባ) የሚጫወት ሰው ይህን ብሎ ሃፍሊንግ መረጠ። በየዙሩ ከተዋጊው ጀርባ ይደበቃል፣ ብቅ ብሎ ይወጋል። ዲኤሙ ደግሞ ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ ጠላት ያለህበትን ያውቃል፣ አይሠራም አለ። መጽሐፉ በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነገር ስለማይል ሁለቱም የሚሉት ያስኬዳል። የዲኤሙ ውሳኔ ይጽና። ልጁ ግን ከፈለገ ከሃፍሊንግ ወደ ሌላ ይቀየር። ደረጃውም፣ ዕቃውም፣ ስሙም አይነካበት።